ያገለገለ መኪና በየጊዜው ስለ መመርመርና ስለ መጠገን
በቤቴልና በመርካቶ መካከል ለሚመላለሱ ነጋዴዎች የቀረበ

በከተማችን ካሉት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ከደጃቸው ስለ ቆመው አሮጌ መኪና የሚያስቡት አልነሣም ባለ ቀን ብቻ ነው። ዕቃ ጭኖ ከሄደና ከተመለሰ፣ ጠዋትም በመጀመሪያው ቍልፍ ከተነሣ፣ ስለ እርሱ የሚጠይቅ የለም። የሱቁን ሚዛን በየጊዜው የሚያስመረምር፣ የመጋዘኑን ጣሪያ ክረምት ሳይገባ የሚያስጠግን፣ የዱቤ መዝገቡን በየወሩ እየገለጠ የሚመለከት ጠንቃቃ ሰው እንኳ የመኪናው ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠው በየትኛው ወር እንደ ሆነ ቢጠየቅ ወደ ሾፌሩ ይመለከታል። ሾፌሩም ወደ ጋራዡ ይጠቁማል፤ ጋራዡ ደግሞ መዝገብ የለውም።

ይህ ቸልተኝነት ድሮም ቢሆን ገንዘብ ያስከፍል ነበር፤ ዛሬ ግን ዋጋው እጅግ በዝቷል። ቀድሞ አሮጌው መኪና ሲያስቸግር ሸጦ፣ ጥቂት ጨምሮ፣ ከጅቡቲ ወደብ የገባ ሌላ ያገለገለ መኪና መግዛት ይቻል ነበር። ይህ መንገድ በየጊዜው እየጠበበ መጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ የቤት አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ከሐምሌ 22 ቀን ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በመደረጉ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ይህንኑ ተከትሎ እንደ ተወደደ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር አያሻም።

ስለዚህ በሒሳብ መዝገባችን ላይ በየዓመቱ ዋጋው እየተቀነሰ ወደ ባዶ የተጠጋው መኪና በውጭ ግን ውድ ንብረት ሆኗል። ቢሞት የሚተካው በቀላሉ አይገኝም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪናዎች በየመንገዱ እየበዙ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሱቅ ዕቃ የሚያመላልሰው አሮጌ ቶዮታ ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ይፈለጋል። ያን ያህል ዓመት ማገልገሉና አለማገልገሉ የሚወሰነው በአብዛኛው በባለቤቱ ነው።

የኪሎ ሜትሩ ቍጥር ሲያታልል

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ቤቴልን እንውሰድ። ቤቴል በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በከተማው ምዕራብ በኩል የምትገኝ ሰፈር ናት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር በምዕራብ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ሰው ያለው ታክሲና አውቶቡስ፣ ወይም የራሱ መኪና ነው። ቤቴል ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ዕቃውን የሚያመጣው ከመርካቶ ነው። መንገዱ በአንድ ወገን አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደርሶ መልሱ ሃያ፣ በዓመት ሦስት መቶ የሥራ ቀን ቢታሰብ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ባለቤቱም ቍጥሩን አይቶ «መኪናዬ ብዙ አልሠራም» ይላል።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። ያ አሥር ኪሎ ሜትር በጠዋትና በማታ የመኪና ሰልፍ አንድ ሰዓት ይፈጃል እንበል። ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት፣ በዓመት 600 ሰዓት ይሆናል። ይኸው ሞተር ይህን ያህል ሰዓት በጅማ ወይም በደሴ መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ኖሮ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቈጥር ነበር። የኪሎ ሜትር መቍጠሪያው የሚያውቀው ጎማው መዞሩን ነው፤ መኪናው በአጠና ተራ ወይም በተክለ ሃይማኖት ሰልፍ ላይ ቆሞ ሞተሩ ሲዞር የሚያልፈውን ሰዓት አይመዘግብም።

ነጋዴው ሕዝብ ይህን ስሌት ለመረዳት ከማንም የቀረበ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የሚጠቀምበት ጄኔሬተር በደጁ አለና። የናፍጣ ጄኔሬተር ባለቤት ዘይቱን የሚለውጠው በሰዓት ቈጥሮ ነው፤ ብዙ አምራቾች በ250 ሰዓት እንዲለወጥ ያዛሉ። ያ ሰው የቤቴል መኪናውን ዘይት አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ቢጠብቅ 500 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። በሰልፍ ላይ የሚያጓራ ሞተር የጄኔሬተርን ያህል ሸክም ስለሌለበት ስሌቱን እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ሆኖም ሌላ ጕዳት አለበት። በአጭር ጕዞ ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ ይቆማል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንና ከጭሱ የሚወጣ እርጥበት ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ሙቀቱ በቂ ስላልሆነም ተንኖ አይወጣም። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ከሥሩ እንደ ቅቤ የነጣ አረፋ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። (ራዲያተሩም ውሃ የሚቀንስ ከሆነ ግን ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላልና ሳይዘገይ መታየት አለበት።)

ስለዚህ በከተማ ብቻ የሚሠራ አሮጌ መኪና ዘይቱና የዘይቱ ፊልትሮ በየስድስት ወሩ፣ ወይም በ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ሊለወጥ ይገባል። በእኛ አሳብ ለቤቴሉ ነጋዴ ወሳኙ የቀን መቍጠሪያው ነው። ዘይት ሲለወጥ ፊልትሮውን «ገና ነው» ብሎ መተው ደግሞ ንጹሕ ውሃ በቈሸሸ እንስራ እንደ መቅዳት ያለ ነገር ነው።

ቦሎ የሚያየውና የማያየው

በዓመት አንድ ጊዜ መኪናውን ወደ ምርመራ የሚወስድ ሰው ግዴታውን እንደ ፈጸመ ይሰማዋል። ፈጽሟልም፤ ነገር ግን የፈጸመው የሕግን ግዴታ እንጂ የመኪናውን አይደለም። ቦሎ የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ማኅተም ማለት ነው፤ ማኅተም ደግሞ የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 681 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 799 ደግሞ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ አደጋ መድን እንዲገባ ያስገድዳል። መርማሪው የሚመለከተው መኪናው በሌላ ሰው ላይ አደጋ እንዳያደርስ ነው፤ ፍሬኑ በሁለቱም ወገን እኩል ይይዛልን? መሪው ይዛነፋልን? መብራቱና ፍሬቻው ይሠራሉን? ጭሱ ከልክ አልፏልን? የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ይስማማልን?

የሞተሩ ዘይት ከተለወጠ ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ግን መርማሪው አይጠይቅም። የራዲያተሩ ውሃ ዝገት ይሁን መድኀኒት ያለበት ይሁን አያይም። የፍሬን ዘይቱ ስንት ዓመት እንደ ቆየ አይለካም። የታይሚንግ ቺንጋው ተሰንጥቆ ቢሆን ክዳኑን ከፍቶ አይመለከትም፤ ሥራውም አይደለም። እንዲሁም ምርመራው ሊደርስ ሲል ከጎረቤት ጎማ ተውሶ፣ የተቃጠለውን አምፖል ለውጦ፣ አልፎ ከወጣ በኋላ ጎማውን የሚመልስ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ሰው መርማሪውን ያታለለ ይመስለዋል፤ ዝናብ በሚጥልበት ማታ በዚያው ላሽ ጎማ የሚሄደው ግን ራሱና የጫነው ዕቃ ነው።

የሚሻለው ምርመራው ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት መኪናውን ለሚታመን መካኒክ ሰጥቶ ማስፈተሽ ነው። አንድ ወር ካለ መለዋወጫው ተፈልጎ፣ ዋጋው ተጠይቆ፣ ጥሩው ተመርጦ ይገዛል። በመጨረሻው ቀን የሚገዛ ሰው የተገኘውን ይገዛል።

ስለ ከፍታው፣ ስለ ውሃውና ስለ አቧራው

መኪናዎች የተሠሩት በአብዛኛው በባሕር ጠረፍ ደረጃ ላሉ አገሮች ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በባሕር ዳር ከሚስበው ከሩብ በሚጠጋ ያንሳል። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና ማስተካከያው ካልተነካ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቍራል፤ ነዳጅም በከንቱ ይቃጠላል። በኮምፒዩተር የሚመሩት የኋለኞቹ ሞተሮች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ። ስለዚህ አሮጌው መኪና ቤንዚን በዛበት ብሎ ወደ መሸጥ ከመሄድ በፊት አንድ ካንዴላ አስፈትቶ ቀለሙን መመልከት ይጠቅማል። እንደ ገለባ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው።

ከፍታው ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ማቀዝቀዣውን ነው። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በድስት ሽሮ የሚሠሩ እናቶች ይህን ባይለኩትም በልምድ ያውቁታል። የብዙ ሞተሮች ተርሞስታት የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። እንግዲህ ሞተሩ በጤናው በሚሠራበት ሙቀትና ውሃው በሚፈላበት ሙቀት መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ርቀት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውሃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው የሚፈላበትን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ክዳኑ ከራዲያተሩ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ሲሆን ቴስታታ እንዲጣመም ምክንያት የሚሆነው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ሁለተኛው ክፉ ልማድ የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ነው። የቧንቧ ውሃ ብረቱን ያዝገዋል፤ ሲፈላም በቤታችን ጀበና ውስጥ እንደምናየው ያለ ነጭ ዝቃጭ በቀጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ይተዋል። የማቀዝቀዣ መድኀኒቱ «ለብርድ አገር ነው» የሚሉ አሉ፤ ለበረዶ መከላከያ መዋሉ እውነት ሆኖ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ማድረጉና ዝገትን መከልከሉ ለእኛም አገር ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ታጥቦ መለወጥ ይበቃዋል። ሦስተኛው ልማድ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ሲግል ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ግለቱ ለጊዜው የቀነሰ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ቀደም ብለን የጠቀስነው የዘይት መበላሸት ይብሳል፤ የግለቱም እውነተኛ ምክንያት ሳይታወቅ ይቀራል።

ስለ አየር ፊልትሮ ብዙ አንናገርም። በበጋ የቤቴልን የውስጥ ለውስጥ መንገዶችና ወደ ዓለም ባንክና ወደ ቀራንዮ የሚወስዱትን ኮረኮንች መንገዶች ያየ ሰው ፊልትሮ በዓመት ሁለት ጊዜ መታየት እንዳለበት አይጠራጠርም። በኮምፕሬሰር መንፋት ይቻላል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይነፋም፤ ሦስተኛ ጊዜ ከመንፋት ግን አዲስ መግዛት ይሻላል።

የፍሬን ዘይት ግን ሰፋ ያለ ቃል ይገባዋል፤ ከመኪናው ፈሳሾች ሁሉ የተረሳው እርሱ ነውና። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በከተማ መንገድ ይህ አይታወቅም። አንድ ቀን ነጋዴው ዕቃ ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄድና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወይም በጅማ መንገድ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። ፍሬኑ ለረጅም ጊዜ ተረግጦ ይግላል፤ እርጥበት ያለበት ዘይት ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። እግር ወለሉን ይነካል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በማግሥቱ ፍሬኑ ቀዝቅዞ ደኅና ስለሚሆን መካኒኩ ምንም አላገኘሁበትም ይላል። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ለውጥ ይህን ያስቀራል፤ ዋጋውም አንድ የጎማ ጥገና ከሚጠይቀው ብዙ አይርቅም። ቍልቍለት በከባድ ማርሽ መውረድን አሮጌ ሾፌሮች ያስተማሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

የታይሚንግ ቺንጋን በሚመለከት አምራቾች ለብዙ ሞተሮች የሚሰጡት ወሰን ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ቺንጋው መቼ እንደ ተለወጠ የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለው ዛሬ ያስለውጠው። በባትሪው ውስጥ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ እንጂ የቧንቧ አይደለም። ስለ መጥረጊያ፣ ስለ አምፖልና ስለ ቀንድ መለከት ሾፌሩ በየሳምንቱ ሰኞ ማየት ይችላል።

ስለ ቀድሞዎቹ መኪናዎች

የጋራዥ ቋንቋችን ከየት እንደ መጣ ቃላቱ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ ጎሚስታ። መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ የጥገናው ቋንቋ ግን በኋላ ከጣሊያን ጋራዦች ተወረሰ። ከዚያ በኋላ የመጡት የጀርመን፣ የሩስያና የጃፓን መኪናዎች ሁሉ በዚሁ ቋንቋ ተፈቱ፤ በዚሁ ቋንቋም ተገጠሙ።

እስካሁን በየሰፈሩ የሚታየው ቮልስዋገን ለዚህ ጽሑፍ ጥሩ መምህር ነው። የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ በተባለች ከተማ ከፋብሪካ የወጣው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሲሆን በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ራዲያተር ስለሌለው ከላይ የተናገርነው የውሃ ነገር አይመለከተውም። ሆኖም የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የሚለወጥ ፊልትሮ የለውም፤ ያለው በየለውጡ ተፈትቶ የሚታጠብ ወንፊት ነው። ስለዚህ ባለቤቶቹ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን ለውጠው፣ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት የቫልቮቹን ክፍተት በ0.15 ሚሊ ሜትር እንዲያስተካክሉ ታዘዋል። ማራገቢያውና ዲናሞው የሚዞሩት በአንድ ቺንጋ ነው፤ ያ ቺንጋ ሲበጠስ የዲናሞው ቀይ መብራት ይበራል። ይህን የማያውቅ ሾፌር «ባትሪ አልሞላ አለ» ብሎ እስከ ቤቱ ይነዳል፤ ቤቱ ሲደርስም ሞተሩ ተቃጥሏል። የሚያውቀው ግን ወዲያው ያቆማል፤ ትርፍ ቺንጋም ከመቀመጫው ሥር አለው።

ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ለብዙ ዓመታት ታክሲ የነበረው ላዳ በመሠረቱ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው፤ የዚህ ዘር የመጨረሻው መኪና እ.ኤ.አ. በ2012 ከሩስያ ፋብሪካ ወጣ። ፋብሪካው ማምረት ያቆመው መኪና መለዋወጫ ከዓመት ወደ ዓመት ይመናመናል፤ ይህ ላለፉት ብቻ ሳይሆን ዛሬ በብዛት ለምንነዳቸው ቶዮታዎችም የሚመጣ ቀን ነው።

ለመለዋወጫ አስመጪዎችና ሻጮች

በዚህ ጉዳይ የባለ መኪናው ትጋት ብቻውን አይበቃም። የተጠነቀቀ ሰው በስድስተኛው ወር ፊልትሮ ገዝቶ ቢያስለውጥ፣ ያ ፊልትሮ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ምን ተጠቀመ? በሶማሌ ተራ የሚሸጠው መለዋወጫ ከቤቴል እስከ አሶሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ በዚያ ተራ የሚቀመጥ ነጋዴ እጅግ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያምነው ሰው ነው።

የዘይት ፊልትሮ በውስጡ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ተመልሶ እንዳይፈስ የሚከለክል ላስቲክ አለው። በአስመሳዩ ውስጥ ይህ ላስቲክ ወይ የለም ወይ እንደ ካርቶን የደረቀ ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው የብረት ኳኳታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። አንድ ካርቶን ከመግዛት በፊት አንዱን ፊልትሮ አስቈርጦ ውስጡን ማየት የአንድ ፊልትሮ ዋጋ ብቻ ያስከፍላል። የፍሬን ሸራም እንዲሁ ነው። አሮጌው ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል መካኒኮች ከበሮውን በኮምፕሬሰር ከመንፋት ይልቅ በውሃ አርሰው ቢያጥቡት ለሳንባቸው ይበጃል።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በጎማው ጎን ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ በመጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አኃዞቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር መጣል ይገባዋል። አስመጪው ውል ሲዋዋል ዕቃው ከተሠራ ከዚህን ያህል ወር ያልበለጠ ይሁን ብሎ ማስገባት ይችላል። በመጋዘን ሦስት ዓመት የቆየ ጎማ አዲስ ተብሎ ሲሸጥ ገዢው ባያውቅ ሻጩ ያውቃልና፣ ይህን ቁጥር ለገዢው የሚያሳይ ሱቅ ደንበኛ እንደማያጣ እናምናለን።

የመኪናው መዝገብ

እነዚህን ሁሉ የሚያያይዘው አንድ ደብተር ነው። ለዱቤ የምንገዛው ዓይነት ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር ይበቃል። በግራው ገጽ ቀኑ፣ የኪሎ ሜትሩ ቍጥርና የተሠራው ሥራ ይጻፋል፤ በቀኙ የዕቃው ዓይነት፣ የፋብሪካ ቍጥሩ፣ የተገዛበት ሱቅና ዋጋው። ሾፌሩ የሚጽፍ ከሆነ ባለቤቱ በየወሩ መጨረሻ ይፈርምበት። መካኒኩም ሥራውን ሲጨርስ እንዲፈርም ቢጠየቅ መጀመሪያ ይስቃል፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ይለምደዋል፤ በፈረመበት ሥራም ይበልጥ ይጠነቀቃል። ደረሰኙ ከገጹ ጋር ይያያዝ፤ ያለ ደረሰኝ የወጣ የጥገና ገንዘብ በግብር ጊዜ እንደ ወጪ አይያዝምና።

ቀኖቹን በአገራችን ወራት መመደብ ይቀላል። አንደኛው ጊዜ ግንቦት ይሁን፤ ክረምቱ ሳይገባ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ጎማ፣ መጥረጊያ፣ መብራትና ፍሬን ይታያሉ። ሁለተኛው ኅዳር ይሁን፤ የክረምቱ ጭቃ ከሥር ታጥቦ፣ ከበሮው ተከፍቶ፣ ዘይቱ ተለውጦ፣ የአየር ፊልትሮው ለበጋው አቧራ ይዘጋጃል። የፍሬን ዘይትና የራዲያተር መድኀኒት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ከግንቦቱ ሥራ ጋር ይደረጋሉ። የቦሎው ጊዜ ከሁለቱ ወራት ለአንዱ የሚቀርብ ከሆነ እዚያው ላይ ማጠጋጋት ድካምን ይቀንሳል።

መኪናውን ለመሸጥ የተገደደ ሰው ደብተሩን አይጣለው። በዛሬው ገበያ ሁለት ተመሳሳይ መኪናዎች ጎን ለጎን ቢቆሙና አንዱ የስድስት ዓመት የጥገና መዝገብ ቢኖረው ገዢው የቱን እንደሚመርጥ ደላላውም ያውቃል። የሽያጩ ውል በሚፈረምበት ቀን ደብተሩ ከሊብሬው ጋር ለገዢው ይሰጣል፤ አዲሱ ባለቤትም ከቀረው ገጽ ይቀጥላል።